መጥበሻው ውስጥ የቀረው

እንጀራ እናቴ ሆዳም መሆኗን ያወቅኩት ቤታችን በገባች በሳምንቷ ነው። እርግጥ ቀድሞውንም ጠርጥሬ ነበር። የመጣችው አንዲት ሻንጣና አንድ ትልቅ ቅርጫት ይዛ ነው። ሻንጣው ልብስ ነበረበት፤ ቅርጫቱ ግን ባዶ ነበር። ባዶ ቅርጫት ይዞ የሚመጣ ሰው ሊሞላው እንጂ ሌላ ምን ሊሠራ ይመጣል? ያኔ ገና ትምህርት ቤት መግባቴ ነበር፣ ያሰብኩትም ይህንኑ ነው። ዛሬም ቢሆን ነገሩን ሳስበው፣ ከአንድ ልጅ አእምሮ የወጣ ስለሆነ እንጂ ያን ያህል የሚናቅ ጥርጣሬ አልነበረም እላለሁ።

ቤታችን ከጫካው ጥግ ነበር። አባቴ ከጫካው ማዶ ባለው የእንጨት መሰንጠቂያ ይሠራ ስለነበር ማታ ሲገባ ቅንድቡ ሰጋቱራ ለብሶ ሽማግሌ ይመስላል፤ ፊቱን ሲታጠብ መልሶ ወጣት ይሆናል። እናቴ እኔን ስትወልድ ስለሞተች ያሳደገችኝ የአባቴ እናት ናት። አያቴ ትወደኛለች፣ ትቆጣኛለች፣ ከሁለቱም በኋላ ታበላኛለች። ድስት አይቼ ክዳኑን ሳልከፍት ማለፍ ስለማልችል የቤት ስሜ አይጢት ነበር። ከአስተማሪዬ በቀር በእውነተኛ ስሜ የሚጠራኝ አልነበረም።

አባቴ አዲሷን ሴት ይዞ የመጣ ዕለት ፊቴ ቁጢጥ ብሎ፣ «እናቴ በያት አልልሽም» አለኝ። «እታለም በያት። ታላቅ እህት እንዳለሽ ቁጠሪው።»

እኔ ግን ምንም አልላትም ነበር። ስፈልጋት ቀሚሷን እጎትታለሁ፤ ስለ እሷ ሳወራ ደግሞ «ያቺ» እላለሁ። እሷም አላስገደደችኝም። ልጅ የሚያባብሉ ሴቶች እንደሚያደርጉት ከረሜላ አላመጣችልኝም፣ ጉንጬንም አልቆነጠጠችም። ይህም በእኔ መዝገብ ስስት ተብሎ ተያዘባት።

እኛ ሰፈር እንጉዳይ የሚበላ ሰው አልነበረም። ክረምት ሲገባ በየዛፉ ሥር ይፈላል፤ እኛ ልጆች በእግራችን እየመታን እናፈርጠዋለን፤ በቃ። አያቴ «በአንድ ሌሊት የበቀለ ነገር ምን ቁም ነገር አለው» ትል ነበር። እታለም ያደገችው ግን ሩቅ፣ ሌላ ጫካ አጠገብ ነው። እዚያ እናቷ እየለቀመች ነው ያሳደገቻት። ስለዚህ ዶፍ ዝናብ ጥሎ ባባራ ማግስት ማለዳ፣ ቅርጫቷን አንጠልጥላ ወደ ጫካው ስትነሳ አያቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለችና፣ «ተከተያት» አለችኝ። «የምትለቅመውን ዐይተሽ ትነግሪኛለሽ።»

ስለላ ነው የተላክሁት፤ ኩራቱ አይጣል ነበር። ከኋላዋ ከዛፍ ዛፍ እየተደበቅሁ ሄድኩ። እሷ ወደ ኋላ ሳትዞር፣ «ወደዚህ ነይ፣ እዚያ ጋ ያዳልጣል» እስክትለኝ ድረስ የተደበቅሁ መስሎኝ ነበር።

ጫካው የራሰ ቅጠል፣ የራሰ አፈርና የራሰ ውሻ ይሸት ነበር። እሷ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፣ መርፌ እንደጠፋበት ሰው። ስታገኝ ትንበረከክና መጀመሪያ ዙሪያውን ታያለች፤ የትኛው ዛፍ ሥር እንደሆነ፣ ብቻውን ይሁን ከነወንድሞቹ። ከዚያ በቢላዋ ጫፍ አፈሩን ቆፍራ ከነሥሩ ታወጣዋለች። እኔ አንዱን ያዝ አድርጌ ብጎትት እግሩ ከመሃል ተሰብሮ እጄ ላይ ቀረ።

«እንዲህ አይደለም» አለችኝ። «ክፉዋ መታወቂያዋን አፈር ውስጥ ነው የምትቀብረው። ከላይ ሲያይዋት ጨዋ ናት። ከሥር ግን ከረጢት ለብሳለች። ቆርጠሽ ከወሰድሻት ማንነቷን እዚያው ትተሻት መጣሽ ማለት ነው።»

ይህንን ለአያቴ ቃል በቃል ነገርኳት። አያቴ ሰምታኝ ስትጨርስ፣ «ይህቺ ሴት የምታወራው ስለ እንጉዳይ ነው ስለ ሰው?» አለችኝ።

ቤት ስንመለስ ወጥ ቤት መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘርግታ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው። ማጣራቱ ከመልቀሙ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። እያንዳንዱን ትገለብጣለች፣ ታሸታለች፣ በጥፍሯ ጫር አድርጋ ቀለሙ ይለወጥ እንደሆነ ትጠብቃለች፣ ለሁለት ሰንጥቃ ሆዱን ታያለች። ግማሹን አንስታ ጉድጓድ ጣለችው። እኔ በድካማችን አዘንኩ። የቀሩት ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ረዘም ያለ ቀጭን እግር፣ ቡናማ ቅርፊት የነሰነሱበት ሰፊ ቆብ፣ አንገታቸው ላይ ደግሞ እንደ ቀለበት ያለ ነገር።

«ነይ፣ አይጢት። ይህቺ ጃንጥላ ትባላለች። እኛ ጋ ምግብ ናት። ቀለበቷን ግፊያት።»

በጣቴ ገፋሁት። ቀለበቱ በእግሯ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ተንሸራተተ፣ ደጋግሜ ብገፋውም አይሰበርም። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ አሻንጉሊት በየዛፉ ሥር በነፃ ይበቅላል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

«ቀለበቷ አልንቀሳቀስ ካለሽ ትተሻት ትሄጃለሽ። ያቺ ዘመዷ ናት። ታናሽ ዘመዷ።»

«ታናሿ ምን ታደርጋለች?»

«ክፉ ዘመድ የሚያደርገውን» አለችና ሳቀች። ከዚያ አንዷን ጃንጥላ አንስታ በብርሃን እያገላበጠች ቆየች። «እኛ ጋ ግን ከዚህ ትሰፋለች» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። «ይህቺ አነስ አለችብኝ።» እኔ እንግዲህ ሆዳም ናት ካልኩ በኋላ ስለ ነበር፣ ምግቡ አንሷት የተማረረች መሰለኝ።

በመጨረሻ የአንዷን ቆብ ከእግሯ ለይታ፣ ግማሹን በከሰል ያጠቆረችው ወረቀት ላይ ደፋቻትና በብርጭቆ ከደነቻት።

«እንዳታመልጥ ነው?»

«ቃሏን እንድትሰጥ ነው። እስከ ጠዋት ዱቄቷን ታራግፋለች። ነጭ ከሆነ ደህና። አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ደህና ሁኚ።»

ጠዋት ብርጭቆው ሲነሳ ጥቁሩ ወረቀት ላይ የጋሪ ጎማ የመሰለ ነጭ ሥዕል ተገኘ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ የሚያምር ነገር በቤታችን ሲሠራ አላየሁም። ሥዕሉን እያየሁ ጠረጴዛው ሥር እንደተቀመጥኩ አባቴ ሥራ ከመሄዱ በፊት ገባ፤ ሁለቱም እኔን ልብ ሳይሉ አወሩ። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«እኔ ልቅመሰው» አለ አባቴ።

«አይሆንም። ሕጉ ሕግ ነው። የለቀመ ነው የሚቀምሰው። እስከ ነገ በዚህ ሰዓት ማንም እንዳይነካብኝ።»

«ትንሽ ብቻ። እባክሽ።»

«አንተ ልጅ አለህ» አለችው። አባቴም ወጥቶ ሄደ።

ቆሽቴ አረረ። አባቴ ቀኑን ሙሉ ግንድ ሲገፋ የሚውል ሰው ነው፤ እባክሽ ብሎ ለምኖ ትንሽ ቁራሽ ተከለከለ። የተከለከለውም በእኔ ተሳብቦ ነው፤ ልጅ ያለው ሰው እንጉዳይ አይበላም የሚል ሕግ ከየት እንደመጣ ሊገባኝ አልቻለም። እሷ ያደገችበት ሰፈር ለቃሚ ወደ አዲስ ጫካ ሲገባ መጀመሪያ የለቀመውን ራሱ፣ ለብቻው፣ ጥቂት ቀምሶ አንድ ሙሉ ቀን ይጠብቃል፤ ደህና ከዋለና ካደረ ቤተሰቡ ይበላል። ይህንን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አባቴ ሲለምናት የነበረውም አብዪኝ ብሎ ሳይሆን፣ በአንቺ ፋንታ ይድረስብኝ ብሎ ነው።

ሽንኩርቱ ዘይት ውስጥ ሲገባ ሽታው ቤቱን ሞላው። ከዚያ እንጉዳዩ ተጨመረ፣ ሽታው ተለወጠ፤ ሥጋም አይደለም፣ ለውዝም አይደለም፣ ዝናብ ቢጠበስ ምናልባት እንደዚያ ይሸት ይሆናል። በሩ ላይ ቆሜ ምራቄን እውጣለሁ። እሷ ጥቂት ቁራጭ በሳህን አወጣችና ወደ መስኮቱ ዞራ፣ ቆማ፣ ቀስ ብላ አኘከች። ሳህኗን አስቀምጣ ዞር ስትል አየችኝ።

«ነገ» አለችኝ። መጥበሻውን ከድና ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለችው።

ግቢ ውስጥ አያቴ ብርድ ልብስ ትጠግናለች። «ምን ሰጠችሽ?» አለችኝ።

«ምንም። ብቻዋን በላችው።»

አያቴ ክሩን በምላሷ አርጥባ ወደ መርፌው ቀዳዳ እያነጣጠረች፣ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» አለች።

አያቴ ተረቱን የወረወረችው በስስታም ላይ ነው፤ ሁላችንም የምናውቀው አባባል ነው። እታለም ግን ብቻዋን የበላችው ልክ ለዚያ ነበር፤ ሞት ካለበት ብቻዋን እንድትሞት። ተረት አንዳንዴ ሰውን ሲስት በጣም ቅርብ ሆኖ ነው የሚስተው።

የሚቀጥለው የሆነው እሷ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ነው። በርጩማውን ጠረጴዛው ላይ፣ እኔን በርጩማው ላይ፣ እጄን ክዳኑ ላይ። አይጢት የተባልኩት በከንቱ አይደለም። መጀመሪያ አንድ ቁራጭ አልኩ። ከዚያ ለአባቴ ድርሻ አንድ። ከዚያ ለአያቴ። ከዚያ የማንም ሳልል በላሁ። ዳር ዳሩ ደርቆ ተጠብሷል፣ መሃሉ ለስላሳ ነው፣ ጨውና ዘይት ጣቴን ያስልሰኛል። እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያ የጣፈጠ ነገር በልቻለሁ ብል እዋሻለሁ።

ስትመለስ ከበርጩማው ወርጄ ጨዋ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ክዳኑን ግን አጣምሜ ነው የከደንኩት፣ አገጬም በዘይት ያበራል።

«ቀመስሽ?» አለችኝ።

«አልቀመስኩም።»

«አይጢት። አልቆጣሽም። ቀመስሽ ወይስ በላሽ?»

«በላሁ።»

ክው አለች። ሰው ፊቱ እንዲህ ሲለወጥ አይቼ አላውቅም፤ የማታውቀኝ ሴት መሰለችኝ። ጣቷን ጉሮሮዬ ውስጥ ልትከት ሞከረች፤ የበላሁትን ልትቀማኝ ስለመሰለኝ ነከስኳት። በጀርባዋ አዘለችኝ። አንድ ጃንጥላ ጥሬዋን ከጠረጴዛው አንስታ የሽርጥ ኪሷ ውስጥ ከተተች። በሩን አልፋ ከወጣች በኋላ ተመልሳ መጥበሻውንም ይዛ መጣች።

እዚህ ላይ ነው ፍርዴን የዘጋሁት። ልጅ አዝላ ስትሮጥ እንኳ መጥበሻውን ከአያቴ ጋር ለመተው አላመነችም።

ጤና ጣቢያው ከሰፈሩ ጫፍ ነበር። አያቴ ጫማዋን እንኳ በትክክል ሳታደርግ ከኋላችን ትከተላለች። የጤና ጣቢያው ሰውዬ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። መጥበሻውን ለብርሃን አዘንብሎ ቁራጮቹን አየ። «ጥሬውን ይዘሻል?» አላት። ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቀለበቱን ገፋ፤ ተንቀሳቀሰ። እኔ ይህን ጨዋታ እሱም ማወቁ ደስ አለኝ።

«እኔ ይሄን ነገር በልቼ አላውቅም፣ እህቴ። ነው ብዬም አይደለም ብዬም አልፈርም» አላት።

ከሰል የመሰለ ዱቄት በውሃ በጥብጦ ሰጠኝ። እየተንገሸገሽኩ ጠጣሁት፤ ጥርሴ ሁሉ ጠቆረ። ሳይቀሙኝ ለበላሁት መቀጫ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ዛሬ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ ያ ጥቁር ዱቄት ሆድ ውስጥ ያገኘውን መርዝ ይይዛል፣ ቀድሞ ያለፈውን ግን አይመልስም። ያ ሰው የሚችለውን ሁሉ ነው ያደረገልኝ።

አባቴን ጥሩ ተብሎ ሰው ተላከ። ወደ ከተማው ሆስፒታል ሊወስደን የሚችለው የመሰንጠቂያው ግንድ ጫኝ መኪና ብቻ ነው፤ እሱም ጫካ ውስጥ እየጫነ ነበር። እስኪመጣ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን መጠበቅ ነው። ከውስጥ፣ ከስሱ ግድግዳ ማዶ፣ ሰውዬው ለአያቴ ሲያወራ ይሰማኛል። «መጥፎው ከሆነ ዛሬ ምንም አያሳይም... ነገ ነው... ጉበት ላይ... ሕፃን ደግሞ...»

አያቴ አይኗ ቀልቶ ወጣች። እታለም ፊት ቆማ፣ «ምን አድርጌሽ ነው? ይህቺን አንዲት ልጅ ልትገድይብኝ ነው የመጣሽው?» አለቻት።

እታለም አንገቷን ደፋች። ሰርቃ ነው አላለችም። ማንም እንዳይነካ ብዬ ነበር አላለችም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ነው፤ ያውም አይጧ አጠገቧ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

ግን «ልትገድይብኝ» የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ሞት ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ሞት ማለት ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለችው የእናቴ ፎቶግራፍ ነበር። ሰው ይሞትና ግድግዳ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ አይወርድም። እኔ ደግሞ ገና ፎቶ እንኳ አልተነሳሁም። የት ሊያደርጉኝ ነው? እግሬን ማወዛወዝ አቆምኩ። እጄ ብቻውን ሄዶ ቀሚሷን ያዘ።

«እታለም» አልኳት፤ ያንን ስም ከአፌ ያወጣሁት ያኔ ነው። «ልሞት ነው እንዴ?»

አየችኝ፣ አየችኝ፣ ከዚያ አጠገቤ ያለውን መጥበሻ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች።

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

«ሁሉም ፈርተዋል።»

«እኔ ፈርቻለሁ?» ክዳኑን ከፈተች። ዘይቱ ረግቶ ነጭ ሆኗል። በጣቶቿ አንድ ቁራጭ አንስታ ጎረሰች። «የሚገድል ነገር እንዲህ ይጣፍጣል?» ሌላ ጎረሰች። ምሳዋን እንደምትበላ ሴት፣ ሳትቸኩል፣ አንዳንዴ ጣቷን እየላሰች፣ ዛፉ ላይ አንዲት ወፍ የት እንደተቀመጠች እያሳየችኝ፣ ትምህርት ቤት ከማን ጋር እንደምቀመጥ እየጠየቀችኝ በላች። እሷ በጎረሰች ቁጥር ፍርሃቴ ይለቀኛል። መጥበሻው ሊጋመስ ሲል እግሬን ማወዛወዝ ጀመርኩ። ሊያልቅ ሲል ደግሞ፣

«ለእኔስ?» አልኳት።

«አንቺ ድርሻሽን በልተሻል» ብላ የመጨረሻዋን ጎረሰች።

ያን ጊዜ ሰውዬው ወጣ። ባዶውን መጥበሻ አየ፣ እሷን አየ። «ምን ነካሽ፣ እህቴ?» አላት፣ ከዚያ ዝግ ድምፁ የባሰ ዝግ ባለ ድምፅ።

«ርቦኝ ነው» አለችው።

ገብቶ ከዚያ ጥቁር ውሃ በትልቅ ኩባያ በጥብጦ ይዞላት መጣ። አንገቷን ወደ እኔ ሰበር አድርጋ፣ «ቆይቶ» አለችው። እኔም ደስ አለኝ፤ ከሰል ውሃ የምጠላ እኔ ብቻ አልነበርኩማ።

መኪናው ሲመጣ አባቴ ከኋላው፣ ግንዱ ተራግፎ በተረፈው ቅርፊት ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙም አላስታውስም፣ ጭኗ ላይ ተኝቼ ነበር። ሆስፒታል ስነቃ ለእሷም ከጎኔ አልጋ ሰጥተዋት፣ እጇ ላይ ቱቦ ሰክተውላታል። ብዙ በልታ ሆዷን ያመማት መሰለኝ፤ ይገባታል አልኩ በሆዴ፣ ግን በክፋት አልነበረም። ጠባቂዋ ነርስ በየጊዜው ዓይናችንን ገለጥ አድርጋ ታያለች። ያ ቀን አለፈ፣ የሚቀጥለውም አለፈ። ማንም አላስታወከም። አባቴ በሁለት አልጋ መሃል ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ያብስ ነበር፤ ሰጋቱራ ገብቶበት ነው አለኝ፣ አመንኩት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የቤታችን ታሪክ ሆነ። አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወራዋል። «ሁላችንም ተርበድብደን፣ ሐኪሙ ሳይቀር ተርበድብዶ፣ እሷ ግን የለቀመችውን ስለምታውቅ ቁጭ ብላ መጥበሻውን ጨረሰችው!» ይላል። ሁሉም ይስቃል፤ እታለምም አብራ ትስቃለች። አያቴ በቀጥታ ይቅርታ የምትጠይቅ ሴት አልነበረችም፤ ግን በሚቀጥለው ጃንጥላ ማንም ሳይጋብዛት ሳህኗን ዘረጋች። «ከእንግዲህ ይህቺ ሴት ድንጋይ ብትጠብስም እበላለሁ» አለች፤ እስክትሞትም ቃሏን ጠበቀች። ሰፈሩ እንጉዳይ መብላት የጀመረው በእሷ ነው። ሰው የለቀመውን በመሐረብ ቋጥሮ እየመጣ ጠረጴዛችን ላይ ይዘረግፋል፤ እሷ ታሸታለች፣ ትሰነጥቃለች፣ ትፈርዳለች። «መጥበሻውን የጨረሰችው» ነበር የሚሏት። እኔም አደግሁ፣ ያደግሁትም እንደዚያ አድርጎ የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ በመሆኔ እየኮራሁ ነው።

ያለፈው ክረምት አንድ ወጣት ከነሚስቱ መድኃኒት ቤት መጣ። ወደዚህ የተዛወሩት በቅርቡ ነው፤ በፌስታል የያዙትን እንጉዳይ ይበላል አይበላም ብለው ሊጠይቁ ነው። «እኛ ጋ ይበላል» አለኝ። «ይህቺ ግን አነስ አለችብኝ።» እንዳይነኩት ነገርኳቸው። ሰው አገሩ የሚያውቀውን እንጉዳይ አዲስ ጫካ ውስጥ ሲያገኝ ነው የሚሳሳተው፤ ለዘመናት ያመነው ምልክት ሁሉ ልክ ሆኖ እንጉዳዩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ይህን ያህል ዓመት ለሰው ስናገረው የኖርኩት ነገር ነው። እነሱ አመስግነውኝ ከወጡ በኋላ ግን ባንኮኒውን ተደግፌ ቀረሁ። እታለም ያን ቀን በእኛ ጫካ ውስጥ የለቀመችው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ቤታችን ከገባች እንኳ ገና ሳምንቷ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ሄድኩ። አባቴ ካለፈ በኋላ ብቻዋን ነው የምትኖረው። መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘርግታ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ትለያለች። ዓይኗ እንደ ድሮው ስላልሆነ ይበልጥ የምታምነው አፍንጫዋንና ጣቷን ነው። አጠገቧ ተቀምጬ አፈሩን እያራገፍኩ አቀብላት ጀመር። እንዴት እንደምጀምረው ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ዓመታት ሙሉ የሳቅንበትን ነገር ነው የማነሳው።

«እታለም፣ ያኔ መጥበሻውን ስትጨርሺው» አልኳት፣ «ደህና መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ማን አወቀ?» አለች። ያቀበልኳትን ገለበጠችና አሸተተች። «ከጫካው ጋር ገና ሰላም መባባላችን ነበር። እንኳን ጠባዩን ልጠይቀው።»

«አባባ እርግጠኛ ነበረች ይል ነበር።»

«እኔ ነኝ እንዲያ ያልኩት። ባልለው ኖሮ አባትሽ እስኪሞት እንቅልፍ አይወስደውም ነበር።»

እጄ ላይ ያለውን እንጉዳይ ማቀበል ረሳሁ። እንደምወዳት ታውቃለች፤ ያን ያህል እንደምትወደኝ ግን እኔ አላውቅም ነበር፣ ያውም ምንም ብዬ በማልጠራት ሰሞን።

«ሳታውቂ ነው እንግዲህ የበላሽው» አልኳት። «ለምን?»

መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አየችኝ። እንደዚህ ያለ የሞኝ ጥያቄ ከእኔ የጠበቀች አትመስልም ነበር።

«ፈርተሽ ነበራ» አለችኝ።